ቀለሙ ውስጥ ይግባ፦ የዲስክ ጎልፍ ዲስኮችን በቤት ውስጥ በቀለም ስለ መንከር

(በባሕር ዳር ለወጣት ተጫዋቾችና ለእጅ ሥራ ወዳዶች የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የባሕር ዳር፣ የመራዊና የዳንግላ ወገኖቼ፣ እንዲሁም ከደብረ ማርቆስ ድረስ መንገድ አቆራርጣችሁ የመጣችሁ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ለመስማት ስለ ተሰበሰባችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። የምናገረው ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ ለዲስክ ጎልፍ ጨዋታ የሚወረወረውን የፕላስቲክ ዲስክ በቤታችን ሆነን፣ በራሳችን ንድፍ፣ ቀለሙ እንዳይለቅና የዲስኩም በረራ እንዳይበላሽ አድርገን እንዴት እንደምንነክረው ነው። ጉዳዩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የኬሚስትሪ እውቀትን፣ የእጅ ጥበብንና የዓይን ፍርድን በአንድነት የሚጠይቅ በመሆኑ፣ እንዲሁም የጎጃም ሴቶች በሰፌድና በሞሰብ ላይ ሲሠሩበት ከኖሩት ጥበብ ጋር በቀጥታ የሚገናኝ በመሆኑ፣ ጊዜ ሰጥተን ብንነጋገርበት ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

ጨዋታውን ላላያችሁ በአጭሩ ልግለጽ። ዲስክ ጎልፍ እንደ ጎልፍ ሁሉ ከመነሻው ቦታ ተነሥቶ ዒላማውን በጥቂት ውርወራ ለማግኘት የሚደረግ ውድድር ነው፤ ልዩነቱ በኳስና በዱላ ፈንታ ዲስክ በእጅ መወርወሩ፣ በጉድጓድ ፈንታም ከምሰሶ ላይ የተንጠለጠሉ ሰንሰለቶችና ከሥራቸው ያለ የብረት ቅርጫት ዒላማ መሆናቸው ነው። የመጀመሪያው ቋሚ የመጫወቻ ሜዳ እ.ኤ.አ. በ1975 በካሊፎርኒያ፣ በኦክ ግሮቭ ፓርክ ተከፈተ፤ ሜዳውን የነደፈው ኤድ ሄድሪክ በዓመቱ፣ በ1976፣ እስከ ዛሬ የጨዋታውን ሕግ የሚያወጣውን ሙያዊ የዲስክ ጎልፍ ማኅበር መሠረተ። በ1983 ደግሞ ዴቭ ደኒፔስ የተባለው የኢኖቫ ኩባንያ መሥራች ጠርዙ ወደ ስለት የሚሳሳ ዲስክ ሠራ፤ ዛሬ በእጃችን የምንይዘው ዲስክ የዚያ ዘር ነው። ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር 21 ሴንቲሜትር ገደማ፣ ክብደቱም ብዙ ጊዜ እስከ 175 ግራም ይደርሳል። ይህም በዘፈቀደ የመጣ አይደለም፤ ሕጉ ለእያንዳንዱ ሴንቲሜትር ስፋት ከ8.3 ግራም በላይ ስለማይፈቅድ ነው።

እንግዲህ ክብደቱ በዚህ ያህል ጥንቃቄ የተለካ ዕቃ ላይ ምን ዓይነት ቀለም ማኖር ይቻላል? የማኅበሩ ሕግ የዲስኩን የመጀመሪያ በረራ የሚለውጥ ነገር ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ እንዳይደረግበት ይከለክላል፤ በተለይም ውፍረቱ በሚታወቅ ነገር የተቀባ ዲስክ ለውድድር አይፈቀድም። የዘይት ቀለም፣ የመኪና ስፕሬይና ቫርኒሽ በዚህ አንቀጽ ይወድቃሉ። ሕጉ ባይኖርም እንኳ ነገሩ አያዋጣም፤ ዲስክ ከባሕር ዛፍ ግንድ ጋር ይጋጫል፣ በጠጠር ላይ ይንሸራተታል፣ ከሰንሰለት ጋር ይላተማል፣ ፕላስቲኩም ሲመታ ይታጠፍና ይመለሳል፤ ላዩ ላይ የተጋገረ ቀለም ግን አብሮት ስለማይታጠፍ ይሰነጠቅና ይረግፋል። መፍትሔው ቀለሙ ከላይ ሳይቀመጥ ወደ ፕላስቲኩ ውስጥ እንዲገባ ማድረግ ነው። ገብቶ የተቀመጠ ቀለም በጣት ሲዳሰስ አይታወቅም፣ የሚጨምረውም ክብደት ከቁጥር የሚገባ አይደለም፣ ፕላስቲኩ ሲፋቅ እንኳ ከሥሩ ያው ቀለም ይወጣል። ከዚህ በኋላ የምናገረው ሁሉ፣ የፕላስቲኩ ምርጫም ሆነ የሙቀቱ መጠን፣ የንድፉ አቆራረጥም ሆነ የትዕግሥቱ ነገር፣ ከዚህ ከአንዱ መሠረት የሚመነጭ ነው።

አለላ ሲነከር አይታችሁ ከሆነ ሥራውን በግማሽ ታውቁታላችሁ። አክርማው ተሰንጥቆ በትንንሽ እስር ይታሰርና ቀለም በሚፈላበት ድስት ውስጥ ይገባል፤ በእንጨት እየተገላበጠ ይቆያል፤ ከዚያ ወጥቶ በጥላ ይሰጣል። እስሩ ሲፈታ ገመዱ አጥብቆ የያዘው ቦታ ቀለም ሳይደርስበት ነጣ ብሎ ይታያል። ሙቀት ቀለሙን ወደ ውስጥ ያስገባል፣ የተሸፈነው ቦታ ግን ይተርፋል፤ የዲስክ ሥራም የሚቆመው በእነዚህ በሁለቱ ላይ ነው።

ልዩነቱ ቀለሙ ላይ ነው። ከገበያ የምንገዛው የአለላ ወይም የጥጥ ክር ቀለም ውኃን የሚወድ፣ ከዕፅዋት ቃጫ ጋር የሚስማማ ነው፤ በዲስክ ላይ እምብዛም አይረጋም፣ በሳሙና ሲታጠብ አብሮ ይሄዳል። ለዲስክ የሚሆነው ዲስፐርስ የሚባለው የቀለም ወገን ነው። ይህ ወገን በ1920ዎቹ መጀመሪያ የተፈጠረው በችግር ምክንያት ነበር፤ አሴቴት የተባለው ሰው ሠራሽ ጨርቅ ገበያ ላይ ሲውል በዘመኑ የነበሩት ቀለሞች አልይዝ ስላሉት፣ ኬሚስቶች በውኃ የማይሟሙ፣ ነገር ግን በውኃ ውስጥ እንደ ደቃቅ ብናኝ ተበትነው የሚንሳፈፉ ቀለሞችን አዘጋጁ። እነዚህ ቀለሞች ከውኃው ጋር ስለማይስማሙ ሰው ሠራሹን ቃጫ ሲያገኙ ወደ ውስጡ ይሸሻሉ። ዛሬ በዋናነት ፖሊስተር ይነከርባቸዋል፤ ለቤት ሥራ በትንሽ ጥቅል ከሚሸጡት መካከል አይዳይ ፖሊ እና ሪት ዳይሞር የሚባሉት በዲስክ ነካሪዎች ዘንድ የታወቁ ናቸው። ስትገዙ የሚፈለገው ቃል «ለፖሊስተር» ወይም «ለሰው ሠራሽ ጨርቅ» የሚለው ነው፤ እሱ ከሌለበት ጥቅሉ የቱንም ያህል ቢያምር ተዉት።

በፕላስቲኩ በኩል ያለውም እንደዚሁ መታወቅ አለበት። ውድ የሚባሉት ዲስኮች፣ ለምሳሌ ኢኖቫ ስታርና ቻምፒዮን፣ ዲስክራፍት የተባለው ሌላው አምራች ደግሞ ኢኤስፒና ዚ እያሉ የሚጠሯቸው፣ ፖሊዩሪቴን ከሚባል ለስላሳና ጠንካራ ፕላስቲክ የተሠሩ ናቸው። የዚህ ፕላስቲክ ረጃጅም ሞለኪውሎች ሲሞቁ መንቀሳቀስ ይጀምራሉ፣ በመካከላቸውም ክፍተት ይፈጠራል፤ ደቃቁ የቀለም ሞለኪውል በዚያ ክፍተት ይገባል፤ ሲቀዘቅዝ ሞለኪውሎቹ ተመልሰው ይጠጋጉና ቀለሙ ከውስጥ ተይዞ ይቀራል። እንደ ኢኖቫ ዲኤክስ ያሉት ርካሽ ዲስኮች ግን የተለየ ፕላስቲክ ስለሆኑ ቀለሙን አይቀበሉም፤ ቢቀበሉም ደብዝዞ ይቀራል። በእኛ ዘንድ ዲስክ በአብዛኛው ከውጭ በሚመጣ ሰው ሻንጣ የሚገባ ዕቃ ነውና ምልክቱ የጠፋበትን ዲስክ በግምት ነክሮ ማበላሸት ያሳዝናል። ከጠርዙ በታች፣ ጣት በሚያርፍበት በውስጠኛው በኩል፣ አንዲት ጠብታ የሞቀ ቀለም አኑሩበትና ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በሳሙና እጠቡት፤ ነጥቧ ከቀረች ዲስኩ ይነከራል።

የዲስኩ ቀለም ነጭ ቢሆን ይመረጣል። ዲስፐርስ ቀለም ብርሃን አሳላፊ ነው፣ ከሥሩ ያለውን አይሸፍንም፤ በቢጫ ዲስክ ላይ ሰማያዊ ብትነክሩ የምታገኙት አረንጓዴ ነው። ነጭ ቀለም የሚባል ነገርም በዚህ ሥራ የለም፤ ነጭ ማለት ዲስኩ ራሱ ነው። በንድፉ ውስጥ ነጭ ሊሆን የሚገባው ቦታ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተሸፍኖ መቆየት አለበት።

አሁን ወደ ንድፉ ልለፍ፤ እውነቱን ለመናገር ልቤ ያለው እዚህ ላይ ነው። በዓለም ላይ ከሚነከሩት ዲስኮች ብዙዎቹ ላይ የምናየው ለአራት ማዕዘን ወረቀት ታስቦ የተሣለ ሥዕል በክብ ላይ በግድ ተቆርጦ ሲለጠፍ ነው። ክብ ግን የራሱ ሕግ አለው። መራዊ አካባቢ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸውን በስፌት ያሳለፉ አንዲት እናት ነጭ ዲስክ ሰጥቻቸው ምን ቢወጣበት እንደሚሻል ጠይቄያቸው ነበር። ዲስኩን አገላብጠው ካዩ በኋላ አውራ ጣታቸውን መሐሉ ላይ አኑረው፣ «ልጄ፣ መጀመሪያ እምብርቱን አግኝለት፤ እምብርቱ ከጠመመ ዳሩ አይገጥምም» አሉኝ። ሰፌድ ከመሐሉ ተጀምሮ እየዞረ የሚሰፋ በመሆኑ፣ እያንዳንዱ የአለላ ጥርስ ዙሪያው እየሰፋ በሄደ ቁጥር እኩል እየሰፋ መሄድ አለበት፤ የጥርሶቹ ቁጥር በዙሪያው ልክ ካልተከፈለ የመጨረሻው ጥርስ ከመጀመሪያው ጋር ሲገናኝ ይጠባል ወይም ይሰፋል። ሰፊዋ ይህን ያለ ማስመሪያና ያለ ኮምፓስ፣ በዓይኗና በወስፌዋ ታደርገዋለች። እኔ ስለ ክብ ንድፍ ከዚያ የበለጠ ትምህርት ቤት አላውቅም።

በዲስክ ላይ እምብርቱን ማግኘት ከሰፌዱ ይቀላል። በብዙዎቹ ዲስኮች መሐል ፕላስቲኩ ወደ ቅርጽ ማውጫው ከገባበት ቦታ የቀረች ትንሽ ነጥብ አለች፤ እሷ ከሌለች ዲስኩን በወረቀት ላይ አድርጎ ዙሪያውን በእርሳስ መቅረጽ፣ ወረቀቱን ቆርጦ ሁለት ጊዜ ማጠፍና እጥፎቹ የሚገናኙበትን ቦታ ወደ ዲስኩ ማስተላለፍ ይበቃል። ከዚያ ንድፉን ስታስቡ ሁለት ነገር አስቡ። አንደኛው ዲስኩ በእጅ ሲያዝ የሚታየው ነው፤ ሁለተኛው ሲበር የሚታየው ነው። ዲስክ የሚበረው እየተሽከረከረ ስለሆነ ከመሐል ወደ ዳር የሚወጣ መሥመር፣ ፊደል፣ የእንስሳም ሆነ የሰው ምስል በአየር ላይ ተዋሕዶ አንድ ደብዛዛ ቀለም ይሆናል፤ ቅርጹን ጠብቆ የሚታየው ቀለበት ብቻ ነው። ስለዚህ ከዳሩ አጠገብ አንድ ደማቅ ቀለበት፣ ከመሐሉም አንድ ክብ ቢኖር ዲስኩ በበረራ ላይ ሳለ ወደየት እንዳዘነበለ ለወርዋሪው ያሳያል። የሰፌድ ንድፍ በተፈጥሮው ቀለበትና ጥርስን አጣምሮ የያዘ በመሆኑ ሁለቱንም ያሟላል። የብራና ሐረግ ግን፣ ምንም እንኳ ውበቱ የማይጠገብ ቢሆን፣ ለገጽ ራስጌና ግርጌ የተሠራ ስለሆነ በዳሩ ላይ ለማዞር እንደገና መነደፍ ይኖርበታል።

የቀለሙ ምርጫ የሚወሰነው በምንጫወትበት መሬት ነው። በክረምት ሁሉ አረንጓዴ ነው፣ አረንጓዴ ዲስክ ሣር ውስጥ ከገባ ፍለጋው ቀላል አይሆንም። በመስከረም አደይ አበባ ሜዳውን ስትሞላው ቢጫውን ዲስክ ትውጠዋለች፤ ጤፉ ታጭዶ ገለባው ከቀረ በኋላም ቢጫና ቡና ዓይነቱ ይጠፋል። የመራዊና የእንጅባራ ቀይ አፈር ደግሞ ቀዩን ይደብቃል። በእኔ ፍርድ በዚህ አገር ዓመቱን ሙሉ የሚታዩት ደማቅ ሰማያዊና ደማቅ ሮዝ ናቸው፤ በመካከላቸው ሰፊ ነጭ ቢተው የበለጠ ይታያሉ። አንድ ነገር ግን በጥብቅ አሳስባለሁ። ዲስክ መሬት ላይ የሚወድቅ፣ ጭቃ የሚገባ፣ ሳይታወቅም የሚረገጥ ዕቃ ነው። መስቀልን፣ የቅዱሳንን ሥዕልና የተቀደሱ ቃላትን በእሱ ላይ ማኖር አይገባም፤ ለውበት ብለን የምናደርገው ነገር ሌላውን ሰው የሚያስቀይም እንዳይሆን። ታንኳው፣ ጢስ ዓባይ፣ አደይዋና የስፌቱ ጥርስ ለንድፍ ይበቁናል።

ወደ አሠራሩ ስመጣ፣ ጥርት ያለ መሥመር ለሚፈልግ ሰው የሚሆነው በስቲከር ሸፍኖ መንከር ነው። ስቲከሩ የማስታወቂያ ቤቶች በመኪናና በመስታወት ላይ የሚለጥፉት ያው ነው፤ ፕሎተር የሚባለው በኮምፒውተር የሚታዘዝ መቁረጫ ማሽን ያለው ቤት ንድፋችሁን ቆርጦ ሊሰጣችሁ ይችላል፣ ካልሆነም በስለታም ምላጭ በእጅ ይቆረጣል። መጀመሪያ የዲስኩ ገጽ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ ከዚያም በአልኮል ይታጠብ፤ የጣት ቅባት ያለበት ቦታ ቀለም ስለማይቀበል ከታጠበ በኋላ በጠርዙ ብቻ ይያዝ። ፋብሪካው ያተመበት የሚያብረቀርቅ ምልክት ካለ አሴቶን የሚባለውን ማሟሚያ ፈሳሽ በነካ ጨርቅ ይነሣል። ስቲከሩ ከመሐል ወደ ዳር እየተገፋ ይለጠፋል፣ በማንኪያ ጀርባ በደንብ ይታሻል፤ ገጹ ወደ ጠርዙ በሚታጠፍበት ቦታ መጨማደድ አይቀርምና እዚያ ላይ ትንንሽ ስንጥቅ አድርጎ አንዱን በአንዱ ላይ ማስተኛት ያስፈልጋል። የተቆረጠው ጫፍ በጥፍር ሲነካ መነሣት የለበትም። በፀጉር ማድረቂያ ለብ አድርጎ እንደገና በማንኪያ ማሸት ጫፉን ያሳርፈዋል፤ ቀለም የሚሾልከው ሁልጊዜ በደንብ ካልታሸ ጫፍ ሥር ነው።

ከዚያ በኋላ የቅደም ተከተሉ ነገር አለ። ንድፉ በሙሉ ከተቆረጠ በኋላ መጀመሪያ የሚላጠው በጣም ጨለማ የሚሆነው ክፍል ነው፤ ጥቁሩ ይነከራል፣ ቀጥሎ ሰማያዊው ይላጣል፣ ከዚያ ሮዙ፣ በመጨረሻ ቢጫው። እያንዳንዱ አዲስ ቀለም ቀድሞ በተገለጠው ላይም ያርፋልና፣ ጥቁር በሰማያዊ አይለወጥም፣ ቢጫ ግን በጥቁር ድራሹ ይጠፋል። ሰማያዊውም በኋላ በሚመጡት ቀለሞች ጥቂት መለወጡ አይቀርም፤ ንጹሕ ሆኖ እንዲቀር የምትፈልጉትን ክፍል ከተነከረና ከደረቀ በኋላ መልሳችሁ በቁራጭ ስቲከር ሸፍኑት።

የቀለሙ ውኃ ሙቀት 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይሁን። ከዚያ በጣም ቢያንስ ቀለሙ ይዘገያል፣ በጣም ቢበዛ ዲስኩ ይጣመማል፣ የተጣመመ ዲስክም እንደ ቀድሞው አይበርም። ፖሊስተር በፋብሪካ ሲነከር በግፊት 130 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል፤ ይህ በቤት የሚቻል አይደለም፣ ፖሊዩሪቴን ግን በዚህ በዝቅተኛው ሙቀት ቀለሙን ማስገባቱ ለእኛ ትልቅ ዕድል ነው። ሙቀት መለኪያ የሌለው ሰው በስሌት ሊደርስበት ይችላል። ባሕር ዳር ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ አንድ እጅ የፈላ ውኃ 25 ዲግሪ ያህል ሙቀት ካለው አንድ እጅ የቧንቧ ውኃ ጋር ቢቀላቀል 60 ገደማ ይሆናል። በደብረ ማርቆስ ከፍታው ከ2,400 ሜትር ስለሚያልፍ ውኃው በ92 ገደማ ይፈላል፣ የቧንቧውም ውኃ ቀዝቃዛ ነው፤ ስለዚህ ሦስት እጅ የፈላ ከሁለት እጅ ቀዝቃዛ ጋር ይሁን። ዱቄቱ በቅድሚያ በፈላው ውስጥ ይበጥበጥ፣ ቀዝቃዛው ከዚያ በኋላ ይጨመር።

ቀለሙ በዝርግ ትሪ ወይም በሳፋ ውስጥ ሁለት ጣት ያህል ይሁን። ዲስኩ ገጹን ወደ ታች አድርጎ ይገባል፤ ሲገባ ግን በአንድ ጊዜ መጣል የለበትም፣ በአንድ ዳር አስጠግቶ ቀስ እያሉ ማስተኛት ያስፈልጋል፣ አለዚያ ከሥሩ የአየር አረፋ ይያዝና አረፋው የነበረበት ቦታ ክብ ነጭ ጠባሳ ሆኖ ይቀራል። ገጹ የትሪውን ወለል እንዳይነካ በጠርዙ ሥር ሦስት ጠፍጣፋ ጠጠሮች ማኖር ጥሩ ነው። ቢጫና ሮዝ በጥቂት ደቂቃ ይይዛሉ፣ ጥቁር ሩብ ሰዓትም ሊፈልግ ይችላል፤ ውኃው እየቀዘቀዘ ሲሄድ ጊዜው ይረዝማል። ከወጣ በኋላ በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠባል። ስቲከሩ ሲላጥ ለማየት ሁሉም ሰው ይቸኩላል፣ ነገር ግን ዲስኩ ፈጽሞ ሳይቀዘቅዝና ሳይደርቅ አትላጡት፤ በስቲከሩ ላይ የቀረው የቀለም ውኃ ወደ ነጩ ሾልኮ ትልቁን ልፋት በአንዲት ጠብታ ያጠፋዋል።

መብራት በሚጠፋበት ቀን፣ ወይም ጥርት ያለ መሥመር ሳይሆን እንደ ደመናና እንደ ውኃ ሞገድ የሚፈስ ቀለም ለሚፈልግ ሰው፣ ያለ እሳት የሚሠራ ሌላ መንገድ አለ። በውኃ የሚለቅ ነጭ ኮላ በዝርግ ክዳን ውስጥ ይፈስሳል፣ ራሱን እስኪያስተካክል ይጠበቃል፣ ፈሳሹ ቀለም በጠብታ ይንጠባጠብበታል፣ በስንጥር ይጎተታል፤ ከዚያ ዲስኩ በገጹ ይተኛበትና ሙሉ ቀንና ሌሊት ሳይነካ ይቆያል። ሙቀቱ በሌለበት ቦታ ጊዜ ያንኑ ሥራ ይሠራል። በኮላ ፈንታ የጺም መላጫ አረፋ ቢዘረጋም ይሆናል፤ በአረፋ የሚወጣው ምስል ይበልጥ የሟሟና ዳሩ የማይለይ ነው፤ እኔ በበኩሌ የኮላውን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም የቀለሙ ጠብታዎች ተጠጋግተው ሲቆሙ በመካከላቸው የሚቀረው ቀጭን ነጭ መረብ በአረፋ አይገኝም። በዚህ መንገድ የሚሠራ ሰው አንድ ነገር አይርሳ፤ ዲስኩ የሚተኛው በፊቱ ስለሆነ ምስሉ ተገልብጦ ይወጣል። ስሙን በፊደል ሊጽፍ የፈለገ ሰው እንደ ማኅተም ቀራጭ ከቀኝ ወደ ግራ ገልብጦ መጻፍ ይኖርበታል።

ስለ ጥንቃቄ የምናገረውን ቀለል አድርጋችሁ እንዳታዩት እለምናለሁ። ቀለም የተበጠበጠበት ድስትና ትሪ ለምግብ አይመለስም፤ ምልክት ተደርጎበት ለብቻው ይቀመጥ። የቀለሙ ዱቄት ወደ ሳንባ እንዳይገባ ሲበጠበጥ ማስክ ይደረግ፣ ዱቄቱ ሳይወድቅ ሕፃናት አይጠጉ። ጓንት የግድ ነው፤ በዚህ የቀለም ወገን ውስጥ ካሉት አንዳንዶቹ፣ በተለይም ዲስፐርስ ሰማያዊ 106 እና 124 የሚባሉት፣ የቆዳ አለርጂ በማስነሣት በሕክምና የታወቁ ናቸው። አሴቶን ደግሞ እጅግ ፈጥኖ የሚቀጣጠል፣ ትነቱም በወለል ላይ እየተሳበ ራቅ ወዳለ እሳት የሚደርስ ፈሳሽ ነው። በውጭ አገር ያሉ ነካሪዎች ቀለሙ ቶሎ እንዲገባ አሴቶንን ከቀለሙ ጋር ይቀላቅሉታል። የከሰል ምድጃና የቡና ረከቦት በአንድ ጣሪያ ሥር ባሉበት በእኛ ቤት ግን ይህን አልመክርም፤ ምልክት ለማንሣት የሚሆን ትንሽ ጨርቅ ከነከራችሁም ውጭ፣ በደጅ፣ ቆርኪውን መልሳችሁ ዘግታችሁ ይሁን።

የቀለሙ ውኃ አንድ ጊዜ ተሠርቶበት አያልቅም። በጠርሙስ ተከድኖ ቢቀመጥ ብናኙ ይዘቅጣል፣ በሚቀጥለው ጊዜ ተንጦና ተሞቆ እንደገና ይሠራል። ፈጽሞ ሲደክም ወደ ቦይ፣ ወደ ጣና ወይም ወደ ዓባይ አይደፋ፤ እነዚህ ቀለሞች በውኃ ውስጥ በቀላሉ የማይበሰብሱ ናቸው፣ ሐይቁም እምቦጩ ብቻውን ከበቂ በላይ ሸክም ሆኖበታል። በሰፊ ትሪ በፀሐይ ላይ ትቶ ውኃው ሲተንን የቀረውን ዝቃጭ ጠቅልሎ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ማስወገድ ይቻላል። የተነከረውን ዲስክም ቢሆን ለጥቂት ቀናት ከነጭ ዲስክ ጋር ገጽ ለገጽ አድርጋችሁ ቦርሳ ውስጥ አትክተቱት፤ በተለይ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ሙቀቱ ቀለሙን ከአንዱ ወደ ሌላው ያሻግረዋል። በዓመታት ውስጥ መሥመሩ ጥቂት መለስለሱም አይቀርም፣ ቀለሙ በፕላስቲኩ ውስጥ ቀስ እያለ መንቀሳቀሱን አያቆምምና፤ ቀጫጭን መሥመሮችን ከመጀመሪያው ትንሽ ወፈር አድርጎ መቁረጥ ለዚህ ይረዳል።

በመጨረሻ፣ ዲስካችሁ ስለ ተበላሸባችሁ የጠየቃችሁኝ አላችሁና እሱን ልመልስ። የገባን ቀለም በቤት ውስጥ መልሶ ማውጣት አይቻልም። ነገር ግን ቀለሙ የተዘባረቀበትን ዲስክ በደንብ አጥባችሁ በስቲከር ሁለት ወይም ሦስት ቀለበቶችንና በመካከላቸው የሰፌድ ጥርሶችን ለጥፉበት፤ ሌላውን ሁሉ በጥቁር ንከሩት። ስቲከሩ ሲላጥ ያ ዝብርቅርቅ ቀለም በጥቁሩ መካከል በቀለበትና በጥርስ ቅርጽ ተቆርጦ ይወጣል፣ ታስቦበት የተሠራ ይመስላል፣ በበረራም ላይ ጥሩ አድርጎ ይታያል። ለዚህ የሚሆን የጥቁር ቀለም ውኃና የተቆረጠ ስቲከር አዘጋጅቼ አምጥቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ዲስክ የያዛችሁ ከጥያቄው ሰዓት በኋላ ወደ ውጭ ወዳለው ጠረጴዛ ኑ፣ ጓንት እዚያው አለ።